ጣሊያን ባይወጣ ኖሮ፦ ስለ ተከፈለች አዲስ አበባ የ«ቢሆን ኖሮ» ልብ ወለድ አጻጻፍ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

የ«ቢሆን ኖሮ» ልብ ወለድ በታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ቀይሮ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓለም በጥንቃቄ የሚያቆም ሥራ ነው። ለአማርኛ አንባቢ የሚቀርበው ጥያቄ «ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ባይወጣ ኖሮስ?» የሚለው ነው። ይህ መመሪያ በዚያ ጥያቄ ላይ በ1944 ዓ.ም. የምትገኝ፣ በዘር ለሁለት የተከፈለች አዲስ አበባን እንዴት መገንባት እንደሚቻል ያሳያል። መለኪያው 300 ገጽ ያህል፣ ማለትም ከ60 እስከ 80 ሺህ ቃል የሚሆን ልብ ወለድ ነው።

ይህን ጉዳይ የምንመርጠው ክፍፍሉ ፈጠራ ስላልሆነ ነው። አዲስ አበባን የነጭና የጥቁር ከተማ አድርጎ የሚከፍለው ዕቅድ ተነድፏል፣ ሕጉም ታውጇል፤ የሰፈሮቹ ስም ደግሞ ዛሬም በአፋችን ነው። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ካዛንቺስ፣ ፖፖላሬ የዚያ ዕቅድ ቅሪቶች ናቸው። ካዛንቺስ የመንግሥት ሠራተኞችን ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከሚባል የጣሊያን ተቋም ስም የመጣ ነው፤ ፖፖላሬ ደግሞ «የሕዝብ ቤቶች» ከሚለው። ስለዚህ ከተማዋን እንደ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። በአምስት ዓመት የተቋረጠውን ዕቅድ ሳይቋረጥ ማስኬድ ይበቃል።

1. መገንጠያውን መምረጥ

መንገዱ ከእውነተኛው ታሪክ የሚለይበትን ቦታ መገንጠያ እንበለው። መገንጠያው አንድ ብቻ ይሁን፣ ትንሽ ይሁን፣ ክፍፍሉንም ራሱ ይውለድ።

ብዙ ጀማሪዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ማይጨውን ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድሉ የእኛ ቢሆን ኖሮ የተከፈለች ከተማ አትኖርም፤ ያ ሌላ መጽሐፍ ነው። ሌሎች የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.ን ይመርጣሉ፦ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የወረወሩት ቦምብ ግራዚያኒን ቢገድለው ኖሮ። ሐሳቡ ልብ ይነካል፣ ግን ደካማ ነው። ሮም ሌላ ሰው ትልካለች፤ በእውነቱም ግራዚያኒ በ1930 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ለአኦስታው መስፍን ቦታውን ለቋል፣ አገዛዙ ግን ቀጥሏል። የሰው መለወጥ ሥርዓቱን ካልለወጠው መገንጠያ አይሆንም።

ጠንካራው መገንጠያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። የስዊዝ ቦይ ለጣሊያን ተዘጋ፣ ምሥራቅ አፍሪካ ያለው ጦር ከአገሩ ተቆረጠ፣ እንግሊዝም ለጃንሆይ ድጋፍ ለመስጠት ምክንያት አገኘች። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሡ በኦሜድላ ድንበር ተሻገሩ፤ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ይህ ሁሉ በአንድ ውሳኔ ላይ የቆመ ነው። ጣሊያን ከዚያ በፊት ለዘጠኝ ወር ከጦርነቱ ውጭ ነበረች፤ ሠራዊቷ አለመዘጋጀቱንም ራሳቸው መሪዎቿ ያውቁ ነበር። መገንጠያው እንግዲህ አዲስ ነገር መጨመር ሳይሆን የነበረውን ማራዘም ብቻ ይሆናል፦ ሙሶሊኒ «ትንሽ እንጠብቅ» አለ፣ መጠበቁም ልማድ ሆነ። አንባቢ የሚያምነው እንዲህ ያለውን ነው።

ውሳኔውን በልብ ወለዱ ውስጥ በትዕይንት አያሳዩ። ሮም ቤተ መንግሥት ውስጥ ጄኔራሎች ሲከራከሩ የሚያሳይ ምዕራፍ ከጻፉ መጽሐፉ ከአዲስ አበባ ይሸሻል። ባለታሪኮችዎ ያንን ቀን የሚያስታውሱት «ያ ክረምት ምንም ሳይሆን ያለፈበት» ብለው ይሁን፤ ለእነሱ ምንም አልተፈጠረምና።

2. የመዘዝ መዝገብ

አንድ ትልቅ ደብተር በአምስት ዓምድ ይክፈሉ፦ ዓመት፣ ዓለም፣ ገንዘብ፣ ሕግ፣ ጎዳና። ከ1932 እስከ 1944 ዓ.ም. ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ መስመር ይሙሉ። ደንቡ አንድ ነው፦ «ጎዳና» የሚለው ዓምድ ባዶ የቀረበት መስመር ከልብ ወለዱ ይወጣል። በዓለም ላይ የሆነ ነገር መርካቶ ላይ የዳቦ ዋጋን፣ የአንዲት ሴትን የሥራ ሰዓት ወይም የአንድን ልጅ ትምህርት ቤት ካልነካ አንባቢን አይመለከተውም።

መዝገቡን ለማስጀመር የሚረዱ እውነተኛ መነሻዎች እነሆ።

እንግሊዝ በ1938 እ.ኤ.አ. የጣሊያንን የኢትዮጵያ ይዞታ በይፋ ተቀብላ ነበር። ጦርነቱ በመካከላቸው ካልመጣ ይህ እውቅና ይጸናል፤ ጃንሆይ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ውስጥ ስደተኛ ሆነው ያረጃሉ። በኢየሩሳሌም ያሉት ስደተኞች፣ በኬንያ ኢሲዮሎና ታቬታ ሰፈር ውስጥ ያሉት፣ በሱዳንና በጅቡቲ የተበተኑት በዚያው ይከርማሉ። በ1944 ዓ.ም. አገሩን አይቶ የማያውቅ የ15 ዓመት ልጅ ከስደት ሰፈር ደብዳቤ ቢጽፍ፣ ምን ዓይነት አማርኛ ይጽፋል? ይህ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ያወጣል።

ከዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያን ምን ትሆናለች ለሚለው ስፔንን ይመልከቱ። ፍራንኮ ጦርነቱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ቀረ፣ በሥልጣኑም እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ቆየ። በ1946 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት አገሮች አምባሳደሮቻቸውን ከማድሪድ እንዲያወጡ ጠየቀ፤ ስፔን ወደ ድርጅቱ የገባችው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። በልብ ወለድዎ ውስጥ ሮም ይህን ዕጣ ትቅመስ፦ የተገለለች፣ ድሃ፣ ግን ያልወደቀች። ይህ ሲሆን ቅኝ ግዛቷን በበቂ ገንዘብ ማልማት አትችልም። ከተማዋ ያላለቀች ከተማ ትሆናለች፤ ግማሹ የዕብነ በረድ ግድግዳ፣ ግማሹ ቆርቆሮ።

ገንዘብን በተመለከተ አንድ ከባድ ስሕተት ይጠብቅዎታል። ሊቢያ ነዳጅ ያገኘችው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ልብ ወለድዎ በ1944 ዓ.ም. ከሆነ የነዳጅ ሀብት የለም፤ በ1955 ዓ.ም. ካደረጉት ግን ሮም በድንገት ሀብታም ናት፣ ታሪኩም ይለወጣል። ዓመቱን ሲመርጡ ይህን ቆጥረው ይምረጡ። እኛ 1944ን የምንመርጠው ችግሩ ሁለቱንም ወገን ስለሚነካ ነው።

የብር ጉዳይ ደግሞ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ጣሊያኖች ሊሬያቸውን በግድ ለማስለመድ ሞከሩ፤ ገበሬው ግን በማርያ ቴሬዛ ብር ካልሆነ አልሸጥም አለ። ሮም ራሷ ያንን ብር በራሷ ማተሚያ እስከ መምታት ደርሳለች። ብሩ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ መቼም ቢመታ በላዩ የሚታተመው ዓመት 1780 እ.ኤ.አ. ነው። በደብተርዎ የመጨረሻ ገጽ ላይ የአንድ ብር ዋጋ በሊሬ በየወሩ ስንት እንደሚሆን ሠንጠረዥ ያውጡ። አርበኛው አንድ ምሽግ ሲሰብር ብሩ ይወደዳል፤ የእህል መርከብ ምጽዋ ሲደርስ ይረክሳል። የመርካቶ ነጋዴ ጋዜጣ ሳያነብ የጦርነቱን ሁኔታ በብር ዋጋ ያውቃል። ይህን ሠንጠረዥ የያዘ ጸሐፊ ስለ ጦርነቱ ረጅም ገለጻ አያስፈልገውም።

3. ሕጉን መጻፍ

የተከፈለ ማኅበረሰብ የሚቆመው በወረቀት ነው። ጥቂት እውነተኛ ሕጎችን መሠረት አድርገው በላያቸው ላይ የራስዎን ይገንቡ።

መሠረቶቹ እነዚህ ናቸው። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ አንድ የጣሊያን ዜጋ ከተገዥ ሕዝብ ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ፈረደ። የሚቀጣው ዜጋው ነው። ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከኢትዮጵያዊት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳይቀበል ከለከለ፤ ልጁ በሕግ ፊት «ተገዥ» ሆነ። ከመገንጠያው በፊት አንድ ወር እንኳ ስለማይሞላ ይህ ሁለተኛው ሕግ በእውነቱ ታሪክ ብዙ አልኖረም። በእርስዎ ዓለም ግን 12 ዓመት ሙሉ ይሠራል። ሥርዓቱ የሚበስለው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሕግ ለልብ ወለድ ጸሐፊ የሚሰጠው ነገር ከፍ ያለ ነው። ከሴት ጋር መተኛት ብቻውን ወንጀሉን አያሟላም ነበር፤ ዳኞች የሚፈልጉት የባልና ሚስትነት ስሜት መኖሩን ነው። አብረው ይበሉ ነበር ወይ? አንድ አልጋ ነበራቸው? ይወዳት ነበር? ስለዚህ ተከሳሹ ነጻ ለመውጣት «አልወዳትም፣ ገረዴ ናት» ማለት አለበት። ፍቅር ማስረጃ፣ ንቀት መከላከያ የሆነበት ችሎት ነበር። ከዚህ በላይ ክፉ ፈጠራ ከየትም አይመጣም፤ ያለውን በትክክል መጻፍ ብቻ ነው የሚፈለገው።

የፈጠራ አንቀጾችን ሲጨምሩ እያንዳንዱ አንቀጽ ከቀደመው አንቀጽ ሽንፈት ይወለድ። ምሳሌ እንውሰድ። ሕጉ ጥቁር በነጭ ሰፈር አያድርም ይላል። ግን የነጩን ልጅ ሌሊት የሚያባብለው ማን ነው? ስለዚህ የሌሊት ፈቃድ ይመጣል። ፈቃድ ሲመጣ ይሸጣል። ሲሸጥ የማኅተሙ ቀለም በየሦስት ወሩ ይቀየራል። ቀለም ሲቀየር የማኅተም አስመሳይ ሙያ ይፈጠራል፤ ያም ሰው ከባለታሪኮችዎ አንዱ ሊሆን ይችላል። አሥር አንቀጽ እንዲህ ከጻፉ በቂ ነው። ከሃያ ካለፈ አንባቢው አይይዘውም፣ እርስዎም በምዕራፍ 14 ላይ የራስዎን ሕግ ይጥሳሉ።

ጨካኝ ብቻ የሆነ ሕግ አይጻፉ። ግራ የገባው ሕግ ይበልጥ ያስፈራል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ በየትኛው አውቶቡስ ይሳፈራል? መልሱ በየቢሮው የተለያየ ይሁን።

4. ካርታው

የ1928ቱን የጊዮርጊስን አካባቢ መነሻ ያድርጉ። የድሮው ገበያ እዚያው አራዳ ነበር፤ ጣሊያኖች የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው መርካቶን አቋቋሙ፣ አራዳም ፒያሳ ሆነች። የጣሊያናውያኑ አርክቴክቶች የጊዲና የቫሌ ዕቅድ የነጩንና የጥቁሩን ከተማ እንዲለያይ ታስቦ የተነደፈ ነው። በእውነት ከዕቅዱ የተሠራው ጥቂቱ ነው፤ በልብ ወለድዎ ምን ያህሉ እንደተሠራ ይወስኑ። 12 ዓመትና ባዶ ካዝና ላለው አገዛዝ ግማሹ ይበቃዋል።

በአራት ቀለም ይሥሩ፦ ነጩ ሰፈር፣ የአገሬው ሰፈር፣ የመካከለኞቹ ነጋዴዎች፣ ባዶ የተደረገው መለያያ መሬት። የአዲስ አበባ ወንዞች ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚፈሱ ስለሆኑ ለመለያያነት ይመቻሉ፤ ድልድይ የሚፈተሽበት በር ይሆናል። ከጊዮርጊስ እስከ መርካቶ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ፍተሻ ሲጨመር ስንት ይሆናል? በካርታው ላይ በየመንገዱ ደቂቃውን ይጻፉ። ባለታሪክዎ ከሥራ ዘግይታ ስትባረር አንባቢው ለምን እንደዘገየች ራሱ ማስላት መቻል አለበት።

በክረምት ወንዙ ሲሞላ ድልድዮቹ ይዘጋሉ። ያኔ የነጩ ሰፈር ያለ ምግብ አብሳይና ያለ ውኃ ተሸካሚ ሦስት ቀን ይውላል። ይህን ትዕይንት አይዝለሉት፤ ማን በማን ላይ እንደቆመ የሚያሳየው እሱ ነው።

የነበሩና የጠፉ ምልክቶችን ይመዝግቡ። የምኒልክ ሐውልት ተነሥቶ ተደብቋል። የይሁዳ አንበሳ ሐውልትና የአክሱም ሐውልት ወደ ሮም ተወስደዋል፤ በእርስዎ ዓለም አልተመለሱም። የምኒልክን ሐውልት የቀበረውን ጉድጓድ የሚያውቅ አንድ ሰው በሕይወት ይኑር አይኑር፣ ይህን እርስዎ ይወስኑ።

5. ሌላው ክፍፍል

የነጭና የጥቁር መስመር ብቻ የሚያሳይ ልብ ወለድ ግማሽ እውነት ነው። አገዛዙ አገሬውንም በመካከሉ ከፍሏል። ግንቦት 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ምሥራቅ አፍሪካ በግዛቶች ተሸነሸነ፦ ትግራይ ከኤርትራ ጋር፣ ኦጋዴን ከሶማሊያ ጋር፣ አማራ በጎንደር፣ ሐረር፣ ኦሮሞና ሲዳማ በጅማ፣ እንዲሁም አዲስ አበባ፣ በኋላ ሸዋ የተባለችው። ለየግዛቱ የትምህርት ቋንቋ ተመደበ። ለሙስሊሙ የዐረብኛ ትምህርትና መስጊድ ተሠራለት፤ የአዲስ አበባው ታላቁ አንዋር መስጊድ በዚያ ዘመን የተሠራ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሐቀኛ መሆን አለበት። ከእነዚህ እርምጃዎች አንዳንዱን የተቀበለው ሰው ለራሱ በቂ ምክንያት ነበረው። በቋንቋው መማር የቻለ ልጅ፣ በነጻነት መስገድ የቻለ ሰው ዝም ብሎ «ባንዳ» አይባልም። አገዛዙ የሰጠው ለመከፋፈል ነው፤ ተቀባዩ የተቀበለው ግን ስለሚያስፈልገው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ምዕራፍ ካልጻፉ የዘመኑን ጥላቻ ይደግማሉ። ጣሊያኖች ለኦሮሞ ሕዝብ በሰነዶቻቸው የተጠቀሙበት ስም ዛሬ ስድብ ነው። ቃሉን የግድ ካስፈለገ በሰነዱ ወይም በተናጋሪው አፍ ብቻ ይተዉት፤ ተራኪው «ኦሮሞ» ይበል።

በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ። አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. ክረምት ተረሸኑ። በ1930 ዓ.ም. ጣሊያን ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ቆርጣ አቡነ አብርሃምን ሾመች፤ እስክንድርያም አወገዘች። በእውነቱ ታሪክ ጉዳዩ ከነጻነት በኋላ ተፈታ። በእርስዎ ዓለም በ1944 ዓ.ም. ውግዘቱ 14 ዓመት ሆኖታል። በዚያ ሹመት የተካነ ቄስ ያጠመቀው ሕፃን ተጠምቋል? ሟችን ማን ይፍታው? በአንድ ደብር ውስጥ የሚቀድስ ቄስና ደጀ ሰላም ላይ ቆሞ የማይገባ ምእመን ቢኖሩ፣ በጣሊያን ላይ ከሚተኮስ ጥይት የበለጠ ድምፅ አላቸው።

6. ሰዎቹን ማቆም

ዋና ባለታሪክ ከአምስት አይብለጥ። ሁሉም በመስመሩ ላይ ወይም በመስመሩ አጠገብ የሚሠሩ ይሁኑ፤ ከመስመሩ ርቆ የሚኖር ሰው መስመሩን አያሳይም።

አስተርጓሚው የመጀመሪያው ነው። ጣሊያናዊው ሹም ሽማግሌውን «አንተ» ሲል እሱ «እርስዎ» ብሎ ይተረጉማል፤ ሽማግሌው ሲራገም «አቤት ይላሉ» ብሎ ያሳልፋል። አማርኛ ክብርን በግሥ ላይ ስለሚያስር ይህን ማሳየት ለእኛ ቋንቋ የተሰጠ ዕድል ነው። አስተርጓሚው የሚደክምበትን፣ አንድ ቀን እንዳለ የሚተረጉምበትን ትዕይንት እስከ መጽሐፉ ሁለት ሦስተኛ ያቆዩት።

ከኤርትራ የመጣ ሹምባሽ ይኑር። አስካሪ፣ ማለትም ለጣሊያን ያደረ የአገሬው ወታደር፣ በሙንታዝና በቡሉክባሽ ማዕረግ አልፎ ሹምባሽ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ያለው መኮንንነት የነጭ ነው። ከሌላው ተገዥ ከፍ ተደርጎ ተቀምጧል፣ ግን ጣሪያው ከራሱ አንድ ክንድ በላይ ነው። ልጁ መኮንን መሆን ሲፈልግ ምን ይለዋል?

ክልስ ልጅ፣ በታኅሣሥ 1930 ዓ.ም. የተወለደ፣ በየካቲት 1944 የ14 ዓመት። አባቱ በድልድዩ ማዶ ነው፤ በስሙ ሊጠራው ሕግ አይፈቅድለትም።

ድሃ ጣሊያናዊ መካኒክ ወይም ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ነጂ። አገዛዙ በእሱ ያፍራል፦ እጁ ዘይት የነካው፣ መርካቶ ገብቶ ሽሮ የሚበላ ነጭ የ«ዘር ክብር» ያዋርዳልና። ጣሊያኖች በብዛት ገበሬ ለማስፈር አስበው ለሆለታና ለቢሾፍቱ፣ ለወገራ፣ ለጨርጨር፣ ለጅማ አካባቢ ድርጅቶች አቋቁመው ነበር፤ የመጣው ከታሰበው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ሰው ከከሰሩት ሰፋሪዎች አንዱ ሊሆን ይችላል።

አምስተኛዋ የጠጅ ቤት ባለቤትና የውስጥ አርበኛ ናት። ሸዋረገድ ገድሌን የመሰሉ ሴቶች በእውነት ነበሩ፤ እሳቸው ተይዘው ጣሊያን አገር አሲናራ ደሴት ታስረዋል። ባለታሪክዎ ግን የእሳቸው ግልባጭ አትሁን። ጥይት ትግዛ፣ ወሬ ትሰብስብ፣ በዚያው ላይ ደግሞ ለሶላቶ፣ ለጣሊያኑ ወታደር፣ ጠጅ ትቅዳ።

ዱር ቤቴ ያለውን አርበኛ በተመለከተ ሒሳቡን ይሥሩ። በ1928 የ20 ዓመት ልጅ ሆኖ የወጣ በ1944 የ36 ዓመት ሰው ነው። የእንግሊዝ አውሮፕላን፣ ሬዲዮና ገንዘብ አልመጣለትም። ለድሮ ጠመንጃዎቹ፣ ለውጅግራውና ለምንሽሩ፣ ጥይት ማግኘት ካቆመ ቆይቷል፤ የያዘው ከጠላት የማረከውን ወይም ከአስካሪ የገዛውን ነው። ልጆቹን አያውቅም። ይህን ሰው የድል ሐውልት አያድርጉት፤ ደክሞታል፣ ግን አልገባም።

እውነተኛ ሰዎችን፣ ማለትም ራስ አበበ አረጋይን፣ በላይ ዘለቀን፣ ጃንሆይን፣ በትዕይንት ውስጥ አያናግሯቸው። በወሬ፣ በዘፈን፣ በጋዜጣ ርዕስ ይምጡ። ቤተሰብ አላቸው፤ ባላደረጉት ነገር አይወቀሱ፣ አይወደሱም።

7. ዘመንና ሰዓት

በዚያች ከተማ ሦስት ዘመን አቆጣጠር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፦ የእኛው፣ የአውሮፓው፣ እና ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. የሚነሣው የፋሺስት ዘመን። የካቲት 1944 ዓ.ም. የፋሺስቱ 30ኛ ዓመት ነው።

ቀን ሲመርጡ በእጅዎ ያስሉ። ብዙ ሰው የካቲት 12ን ሁልጊዜ ፌብሩዋሪ 19 ያደርጋል። 1943 ዓ.ም. ጳጉሜ 6 የሆነችበት ዓመት ስለሆነ የ1944 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ስለዚህ የካቲት 12 ቀን 1944 ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1952፣ ረቡዕ ነው። ረቡዕ ከሆነ ጾም ነው፤ በዚያ ቀን ባለታሪክዎ ክትፎ አይበላም። ዐቢይ ጾም የሚገባው በቀጣዩ ሰኞ፣ የካቲት 17 ነው። የዚያ ዓመት የካቶሊኩ ፋሲካ ኤፕሪል 13፣ የእኛው ኤፕሪል 20 ይውላል፤ በአንዱ ሰፈር ደወል ሲደወል በሌላው ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ፈልጎ አይገኝም፣ ተሰልቶ ነው የሚገኘው።

የካቲት 12 በዚያች ከተማ ስሙ የማይጠራ ቀን ነው። ሰዎች እንዴት ያስቡታል? አንዱ መንገድ ሴቶች ሁሉ በዚያ ቀን ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚለበሰው ዘቅዝቀው ቢወጡ ነው። ካራቢኜሪው፣ የጣሊያኑ ፖሊስ፣ ያያል፤ የትኛው አንቀጽ እንደተጣሰ ግን ሊናገር አይችልም።

ሰዓትም እንዲሁ ያሳስታል። በፈቃዱ ወረቀት ላይ «ከ6» የተጻፈው ለጣሊያኑ ማለዳ 12 ሰዓት ነው፤ ለገረዲቱ እኩለ ቀን። አንድ ጊዜ ይጠቀሙበት፣ ሁለተኛ ግን አይድገሙት።

8. ቋንቋው

ሁለት ዝርዝር ያዘጋጁ። የመጀመሪያው ከጣሊያን የገቡና ዛሬም ያሉ ቃላት ነው፦ ፌርማታ፣ ጎሚስታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካልሲ፣ ቦርሳ። ወደ እነዚህ ሃያ ያህል ይጨምሩ፣ ከሠላሳ ግን አይለፉ። ቃላቱ ከሥራ፣ ከቢሮና ከመኪና ይምጡ። ከወጥ ቤት፣ ከልቅሶ፣ ከጸሎት አይምጡ፤ ሰው የራሱን ቃል የሚጠብቀው እዚያ ነው።

ሁለተኛው የሚሰረዙ ቃላት ዝርዝር ነው። ከነጻነት በኋላ በእንግሊዝኛ በኩል የተለመዱት ሁሉ በእርስዎ ዓለም የሉም፦ ነርስ፣ ኮሌጅ፣ ሱፐርማርኬት፣ ሚኒባስ፣ ዲግሪ። በጽሑፉ ውስጥ አንድም «ነርስ» ካለች ዓለሙ ይፈርሳል፤ አስታማሚ ትሁን ወይም የጣሊያንኛውን ይውሰዱ። ከ1928 በፊት በፈረንሳይኛ የገቡት ግን ይቆያሉ፤ ለገሃር ለገሃር ናት፣ ሹፌርም ሹፌር ነው።

ሳንሱር ባለበት ከተማ ሰምና ወርቅ የዕለት መሣሪያ ነው። ግን ቅኔ ካስገቡ ወርቁን ወዲያው አያብራሩ። ጣሊያናዊው ሹም ያልገባው፣ አስተርጓሚው የገባው፣ አንባቢው ከሁለት ገጽ በኋላ የሚደርስበት ይሁን። መጽሐፉን በሙሉ ከሦስት ቅኔ በላይ አይሸከምም።

9. መጻፍ መጀመር

የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ መገንጠያውን ማስረዳት አይገባም። እንዲህ ያለ ንግግር ሥራውን ይገድለዋል፦ «እንደምታውቀው ከ1932 ጀምሮ ጣሊያን ጦርነት ስላልገባች እኛ እስከ ዛሬ በቅኝ ግዛት ሥር ነን።» የሚያውቀውን ሰው ማን ይነግረዋል? በምትኩ ከአንድ ዕቃ ወይም ቦታ ይነሱ፦

«ፌርማታው ላይ ሁለት ምሰሶ አለ። በነጩ ምሰሶ ጥላ ሥር ማንም አልቆመም፤ በጥቁሩ በኩል አሥራ ስድስት ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል። ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጥላው የሚያልቅባትን መስመር ሳይረግጡ ቆሙ።»

አንባቢው ሕጉን ሳይነገረው አወቀ። አጥር የለም፣ ጠባቂ የለም፤ መስመሩን የምትጠብቀው ሴትዮዋ ራሷ ናት።

የመጀመሪያዎቹን 30 ገጾች በአንድ ቀን ታሪክ ላይ ያውሉ፤ ዓመቱ በምዕራፍ 1 ላይ በአንድ ወረቀት ማኅተም ይታይ፣ ጃንሆይ በሕይወት መኖራቸው በምዕራፍ 3 ይሰማ፣ ጦርነቱ ያለ ጣሊያን ማለቁ ከዚያም በኋላ በመንገድ ላይ ወሬ። በቀን 500 ቃል ከጻፉ ረቂቁ በአምስት ወር ገደማ ያልቃል፤ ነገር ግን ከ20 ሺህ ቃል በኋላ አንድ ሳምንት ቆመው የመዘዝ መዝገቡን ከተጻፈው ጋር ያመሳክሩ። ያን ጊዜ ያልተያዘ ቅራኔ በ60 ሺህ ላይ ሲገኝ መጽሐፉን በሙሉ ያስፈርሳል። በብዛት የሚገኙት ሦስት ናቸው፦ የሰው ዕድሜ፣ የማኅተሙ ቀለም፣ የብሩ ዋጋ።

10. ለአንባቢ ማሳየት

ረቂቁን ለሁለት ዓይነት ሰው ይስጡ። አንዱ በአራዳ ወይም በመርካቶ አካባቢ ያደገ አዛውንት ይሁን፤ የሚጠየቁት ስለ ታሪኩ ሳይሆን ስለ መንገዱ፣ ስለ ዕቃው፣ ስለ አነጋገሩ ነው። ሌላው ስለ ዘመኑ ምንም የማያውቅ ወጣት ይሁን፤ እሱ ምዕራፍ 3ን ሲጨርስ «ጣሊያን መቼ ነው የወጣው?» ብሎ ከጠየቀ ማኅተሙና ወሬው በቂ አይደሉም ማለት ነው፤ ተጨማሪ ሁለት ምልክት ያስገቡ።

በመጨረሻ አንድ ገጽ የደራሲ ማስታወሻ ያዘጋጁና ከኋላ ያስቀምጡት። የ1929 እና የ1932 ሕጎች፣ የከተማው ዕቅድ፣ የየካቲት 12 እልቂት እውነት መሆናቸውን፣ የሌሊት ፈቃዱና ባለ ሁለት ምሰሶው ፌርማታ ግን የደራሲው መሆናቸውን ለይቶ ይናገር። ከፊት ካስቀመጡት አንባቢው እየመረመረ ያነባል። ከኋላ ሲሆን ግን ፈጠራ ነው ብሎ ያለፈው የችሎት ምዕራፍ እውነት መሆኑን መጽሐፉን ሊዘጋ ሲል ያገኘዋል።